ኢንተርስቲሻል የሳንባ በሽታ

ኢንተርስቲሻል የሳንባ በሽታ በሳንባ ውስጥ ባሉት የአየር ከረጢቶችና በቀጫጭን የደም ሥሮች መካከል የሚገኘውን ስስ ሕብረ ሕዋስ (ኢንተርስቲሽየም) የሚያጠቁ ከ200 በላይ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በእነዚህ በሽታዎች ምክንያት ይህ ስስ ሕብረ ሕዋስ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ብዙ ጊዜም ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ የሠራ ሳንባ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ኦክስጅንም ወደ ደም በቀላሉ አያልፍበትም። በመሆኑም በሽተኛው ቀስ በቀስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳልም ይይዘዋል።

በሽታው በቆላም በደጋም ይገኛል። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍተኛ ቦታ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ለምሳሌ በባሌ ዞን ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ዲንሾ የትንፋሽ እጥረቱ ከቆላው ቀድሞ ሊሰማ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በቀላሉ ለዳገቱ፣ ለብርዱ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጣል። ከፍታው በሽታውን አይፈጥረውም። የሚያደርገው፣ ሳንባ ለክፉ ቀን የያዘውን መጠባበቂያ መቀነስ ነው።

ስያሜ

ኢንተርስቲሽየም የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙ «በመካከል ያለ ቦታ» ማለት ነው። ሐኪሞች በሽታውን በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል አይ.ኤል.ዲ. ይሉታል። «የሳንባ ፋይብሮሲስ» ወይም የሳንባ ጠባሳ የሚባለው የብዙዎቹ ኢንተርስቲሻል በሽታዎች የመጨረሻ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ወደ ጠባሳ አይደርሱም፤ መንስኤያቸው በጊዜ ከታወቀ የሚድኑም አሉ።

የጤናማ ሳንባ አሠራር

በአፍንጫና በአፍ የገባ አየር በዋናው የአየር ቧንቧ ይወርዳል። ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በሚከፋፈሉ ትናንሽ ቧንቧዎች አልፎ መጨረሻ ላይ ወደ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች (አልቪዮላይ) ይደርሳል። የአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን የሚደርሱ ከረጢቶች አሉት። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ ወደ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። እያንዳንዱ ከረጢት እንደ መረብ በተጠላለፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች (ካፒላሪዎች) ተከብቧል።

በከረጢቱ አየርና በደሙ መካከል ያሉት የከረጢቱ ግድግዳ፣ የደም ሥሩ ግድግዳና በመካከላቸው የሚገኘው ኢንተርስቲሽየም ናቸው። ሦስቱ ተደምረው ውፍረታቸው ስስ በሆነው ክፍል ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ኦክስጅን ይህን ግድግዳ የሚያልፈው ብዙ ካለበት ወደ ጥቂት ወዳለበት በራሱ በመስረግ ነው። ስለዚህ የሚያልፈው መጠን በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦

፩. በግድግዳው ስፋት፤
፪. በግድግዳው ውፍረት፤
፫. በአየሩና በደሙ መካከል ባለው የኦክስጅን ግፊት ልዩነት።

በባሕር ወለል አካባቢ የሚኖር ጤናማ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በካፒላሪው ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ያህል ነው። ኦክስጅን ለመሙላት ግን አንድ አራተኛ ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። የቀረው ጊዜ መጠባበቂያ ነው። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ወይም ሲሮጥ ደሙ በፍጥነት ስለሚያልፍ የሕዋሱ ቆይታ ያጥራል። መጠባበቂያው ስላለ ግን ደሙ ኦክስጅኑን ሞልቶ ይወጣል።

በሽታው የሚያመጣው ለውጥ

በኢንተርስቲሻል በሽታ ጊዜ በቅድሚያ የሚጎዳው የግድግዳው ስስነት ነው። ሳንባው በአቧራ፣ በሻጋታ፣ በመድኃኒት ወይም በሰውነቱ በራሱ የመከላከያ ኃይል ደጋግሞ ሲቆስል፣ ቁስሉን ለመጠገን የሚመጡ ሕዋሳት ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ጭረት ያከማቻሉ። በቆዳ ላይ ቁስል ሲድን ጠባሳ እንደሚተው ሁሉ ሳንባም ጠባሳ ይይዛል። የቆዳ ጠባሳ ብዙም አይጎዳም፤ የሳንባ ጠባሳ ግን የሚያርፈው ኦክስጅን በሚያልፍበት በር ላይ ነው።

ጉዳቱ በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው መቆጣት የሚያይልበት ነው። በዚህ ጊዜ ሕብረ ሕዋሱ አብጧል እንጂ ገና ጠባሳ አልሆነም፤ መንስኤው ከተወገደና መድኃኒት ከተሰጠ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ጠባሳ የሚያይልበት ነው። አንዴ የተሠራ ጠባሳ በየትኛውም መድኃኒት ወደ ጤናማ ሳንባ አይመለስም፤ ሕክምናው ሊያደርግ የሚችለው የጠባሳውን መስፋፋት ማዘግየት ነው። በሽታውን በጊዜ መለየት የሚያስፈልገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ምክንያት ነው።

ጠባሳው ሲገፋ የአየር ከረጢቶቹ ይፈርሱና በቦታቸው ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባዶ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። በሲቲ ስካን ሲታይ መልኩ የማር እንጀራ ስለሚመስል በሕክምናው ዓለም በዚሁ ስም ይጠራል።

በሽታው በከፍተኛ ቦታ፦ ዲንሾ እንደ ምሳሌ

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከጎባ በስተ ደቡብ ያለው የሰነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍም 4,377 ሜትር ነው።

በዲንሾ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ወለል ካለው አይለይም፤ በሁለቱም ቦታ 21 በመቶ ያህል ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው ግፊት በዲንሾ ከፍታ ወደ 520 ገደማ ይወርዳል። የተተነፈሰው አየር በአየር ቧንቧ ውስጥ ሞቆና ረጥቦ ሲለካ የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ወለል 149፣ በዲንሾ ደግሞ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። ኦክስጅንን ወደ ደም የሚገፋው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ ለጤናማ ነዋሪ ችግር አይደለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የግፊቱን መቀነስ ይችለዋል፤ ሰውነቱም አተነፋፈሱን ይጨምራል። በባሌ ተራሮች የሰው ልጅ ኑሮ እጅግ የቆየ ነው። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የፊንጫ ሃበራ የድንጋይ መጠለያ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እንደኖሩበት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ «ከፍታ ቦታ ስለሚኖር ነው ትንፋሽ የሚያጥረው» የሚለው አባባል ተወልዶ ላደገ ነዋሪ በቂ ማብራሪያ አይሆንም።

ግድግዳው በበሽታ የወፈረበት ሰው ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ዲንሾ ላይ የኦክስጅኑ ግፊት ስለቀነሰ ደሙ ኦክስጅን ለመሙላት ቀድሞውንም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ግድግዳው ሲወፍር የሚያስፈልገው ጊዜ ይበልጥ ይረዝማል። ሰውየው ተቀምጦ እያለ ምንም ላይሰማው ይችላል። ዳገት ሲወጣ፣ እንጨት ሲሸከም ወይም ውኃ ሲቀዳ ግን የደም ሕዋሱ ሳይሞላ ካፒላሪውን ያልፋል። በባሕር ወለል አካባቢ ቢኖር ከዓመታት በኋላ የሚታየው ምልክት በደጋው ላይ ቀድሞ ይታያል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ከዲንሾ ወደ ዶሎ መና ወይም ወደ ሐዋሳ የወረደ በሽተኛ ትንፋሹ ቀለል ሊለው ይችላል። በዚህ ጊዜ «አየሩ ተስማማው» ይባላል። የተለወጠው ግን ሳንባው ሳይሆን የአየሩ ግፊት ነው፤ ጠባሳው እንዳለ ነው። ወደ ደጋው ሲመለስ ትንፋሹ እንደገና የሚያጥረው ሰው የሳንባ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የኦክስጅን ልኬት በደጋ

ፐልስ ኦክሲሜትር በጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሙሌት በመቶኛ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መሠረቱን የጣለው ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የጤናማ ሰው ቁጥር 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። በዲንሾ ከፍታ ግን ከ90 እስከ 94 ያለ ቁጥር በጤናማ ነዋሪም ላይ ሊታይ ይችላል። ቆላ ላይ የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ቢወሰድ ጤነኛው በሽተኛ ሊባል ይችላል። «እዚህ ሁሉም ሰው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ከታለፈ ደግሞ በሽተኛው ጤነኛ ይባላል።

የደጋ ነዋሪዎችም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት በሰሜን ተራሮች የሚኖሩ አማሮችንና በባሌ ተራሮች የሚኖሩ ኦሮሞዎችን አነጻጽሯል። በባሌ ከፍተኛ ቦታ በሚኖሩት ላይ የሄሞግሎቢን መጠን ከፍ ያለ፣ የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከሌላ ተራራ የተወሰደ ቁጥርም ሁልጊዜ ለባሌ አይሠራም።

ይህን ችግር ለመቀነስ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው የበሽተኛውን ቁጥር በዚያው ከፍታ ከሚኖርና በዕድሜ ከሚቀርበው ጤናማ ሰው ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው ከእረፍት በኋላ ከተለካ በኋላ ጥቂት አስሄዶ እንደገና መለካት ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ ቁጥሩ በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሲቀመጥ ያየነው ቁጥር ምንም ያህል ደኅና ቢሆን ምርመራው መቀጠል አለበት።

መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችልም መታወስ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው ደኅና ቁጥር እያሳየ ደማቸው ግን በእርግጥ ኦክስጅን ያነሰው ሕመምተኞች ከጥቁሮች መካከል 11.7 በመቶ፣ ከነጮች መካከል 3.6 በመቶ ነበሩ።

መንስኤዎች

የማዕድን አቧራ፦ ሲሊካ ያለበትን ድንጋይ መፍለጥ፣ መፍጨትና መቆፈር ሲሊኮሲስ ያመጣል። አስቤስቶስና የድንጋይ ከሰል አቧራም የየራሳቸውን በሽታ ያስከትላሉ። በካባ (የድንጋይ ማውጫ) እና በኮብልስቶን ጠረባ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

የሻገተ እህል፣ ድርቆሽና የወፍ ላባ፦ ከእነዚህ የሚነሳ ብናኝ በአንዳንድ ሰዎች ሳንባ ላይ የአለርጂ ዓይነት መቆጣት ያስነሳል። ሕመሙ ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ ይባላል፤ በገበሬዎች ላይ ሲታይ ደግሞ «የገበሬ ሳንባ» ተብሎ ይታወቃል። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ወይም ጭድ ውስጡ ሲግል ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ይራቡበታል። ክምሩ ሲፈርስ ብናኛቸው እንደ ጭስ ይነሳል። በሮቤ ዙሪያ፣ በሲናናና በአጋርፋ ስንዴ በስፋት ይመረታል፤ በዲንሾ በኩል ገብስ ይበዛል። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉ አንዳንዱ ምርት ሳይደርቅ ሊሰበሰብ ይችላል። ሕመሙ ቶሎ በሚነሳበት መልኩ ብናኙ ከተተነፈሰ ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ሳል ያመጣል። ከአውድማ ወይም ከጎተራ የተመለሰ ሰው ማታ ሲያመው «ምች መታው» መባሉ የተለመደ ነው። ሕመሙ ሥራው በተሠራ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ ግን የገበሬ ሳንባ መጠርጠር አለበት።

የቤት ውስጥ ጭስ፦ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ በእንጨትና በኩበት ማብሰል ለብዙ ዓመታት ሲቀጥል ጥቀርሻው በሳንባ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1991 በደቡብ አፍሪቃ የገጠር ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በዚህ መንገድ የመጣውን ሕመም «የጎጆ ሳንባ» ብሎታል። ሴቶቹ ለምድጃ ጭስም፣ በድንጋይ ላይ እህል ሲፈጩ ለሚነሳው ብናኝም የተጋለጡ ነበሩ። በባሌ ደጋ ብርዱ በር ዘግቶ እሳት አጠገብ መዋልን ስለሚያስገድድ ይህ መንስኤ ትኩረት ያስፈልገዋል።

ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ፦ ሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ስክሌሮደርማ፣ ሉፐስና የጡንቻ መቆጣት ሳንባንም ሊያጠቁ ይችላሉ። አንዳንዴ የሳንባው ምልክት ከመገጣጠሚያው ሕመም ይቀድማል።

መድኃኒትና ጨረር፦ ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ብሊዮማይሲን እንዲሁም በደረት ላይ የሚደረግ የጨረር ሕክምና ይጠቀሳሉ።

መንስኤው ያልታወቀ፦ ከዚህ ክፍል በጣም የታወቀው ኢዲዮፓቲክ ፐልሞነሪ ፋይብሮሲስ ነው። በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች፣ በተለይም ሲጋራ ባጨሱ ላይ ይታያል። ያለ ሕክምና ከምርመራው በኋላ ያለው አማካይ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ሳርኮይዶሲስ የተባለው ሕመምም መንስኤው በውል ያልተለየ ሲሆን በብዙዎች ላይ በራሱ ይጠፋል።

ምልክቶች

የበሽታው ዋና ምልክቶች ሁለት ናቸው፦ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚመጣና ከወር ወር እየጨመረ የሚሄድ የትንፋሽ እጥረት፣ እንዲሁም አክታ የሌለው ደረቅ ሳል። ድካምና የክብደት መቀነስም ይኖራል። በአንዳንዶች ላይ የጣቶች ጫፍ ይወፍርና ጥፍሩ እንደ ጉልላት ይቆለመማል። ሐኪሙ በጀርባ በኩል የሳንባውን ታችኛ ክፍል ሲያዳምጥ አየር በሚሳብበት ጊዜ የጃኬት ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ በራጅ ላይ ለውጥ ከመታየቱ በፊት ሊገኝ ይችላል፤ ለመስማትም ከማዳመጫ በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ብዙ ሕመምተኞች የትንፋሽ እጥረቱን የሚቀንሱት ሳያውቁት ሥራቸውን በመቀነስ ነው። ገበያ በእግር መሄድ ይተዋሉ፣ ዳገቱን ይዞራሉ፣ ሸክሙን ለልጅ ይሰጣሉ። ስለዚህ «ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ዓምና ትሠራው የነበረና ዘንድሮ የተውከው ሥራ አለ ወይ?» የሚለው የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ከሳንባ ነቀርሳ ጋር መምታታት

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ የሆነባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ሳልና ክብደት መቀነስ ያለበትን ሰው በቅድሚያ ለነቀርሳ መመርመር ትክክል ነው። ነቀርሳ ተላላፊ ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። ችግሩ የሚነሳው ባክቴሪያው ሳይገኝ በራጅና በምልክት ብቻ የ6 ወር መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ሌላ ጥያቄ ሳይነሳ ሕክምናው ሲደገም ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነገሮች አሉ። ነቀርሳ በአብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚብስ ሲሆን ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና አክታ ያለው፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ሳል ያመጣል። በራጅ ላይም ብዙ ጊዜ የሳንባውን የላይኛ ክፍል ያጠቃል። ብዙዎቹ ኢንተርስቲሻል በሽታዎች ግን በወራትና በዓመታት የሚብሱ፣ ሳላቸው ደረቅ፣ በራጅ ላይም ሁለቱንም ሳንባዎች የሚነኩ ናቸው። ኢዲዮፓቲክ ፐልሞነሪ ፋይብሮሲስ በተለይ የታችኛውን ክፍል ያጠቃል። ይህ ልዩነት ፍጹም አይደለም። ሲሊኮሲስ የላይኛውን ክፍል ይወዳል፤ ከነቀርሳ የዳነ ሰውም ጠባሳ ይዞ ይቀራል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ።

በስሕተቱ የሚደርሰው ጉዳት ከሁለቱም ወገን ነው። የኢንተርስቲሻል በሽታ ያለበት ሰው ለነቀርሳ ደጋግሞ ሲታከም ጉበትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ያለ ጥቅም ይወስዳል፣ ከጭሱና ከብናኙም ሳይርቅ ይቆያል። ሊመለስ ይችል የነበረው መቆጣትም በዚያ ጊዜ ወደ ማይመለስ ጠባሳ ይለወጣል። በሌላ በኩል ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይመረመር እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ቢሰጠው ነቀርሳው ይባባሳል።

ምርመራ

ምርመራው የሚጀምረው ከታሪክ ነው፦ ሥራ፣ ማብሰያ ቤት፣ ከብትና ዶሮ፣ የተወሰዱ መድኃኒቶች፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲጋራ። አክታ በጂን ኤክስፐርት ይመረመራል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ይደረጋል። ራጅ ለመነሻ ይረዳል፤ ሆኖም ራጁ ጤናማ መስሎ በሽታው ሊኖር ይችላል።

ስፓይሮሜትሪ ሳንባ የሚይዘውንና የሚያወጣውን የአየር መጠን ይለካል። በአስም አየሩ ለመውጣት ይዘገያል፤ በኢንተርስቲሻል በሽታ ግን አየሩ በፍጥነት ይወጣል፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ይህ ልዩነት ለዓመታት የአስም መንፊያ ሲጠቀም ኖሮ ለውጥ ያላገኘን ሰው ለመለየት ይጠቅማል። የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተናም ሰውየው የሚሄደውን ርቀትና የኦክስጅኑን መውረድ ያሳያል።

ዓይነቱን በትክክል ለመለየት ዋናው መሣሪያ የሳንባውን ምስል በቀጫጭን ንብርብር የሚያነሳው ከፍተኛ ጥራት ያለው ሲቲ ስካን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የኢዲዮፓቲክ ፐልሞነሪ ፋይብሮሲስ መልክ በሲቲ ስካን በግልጽ ከታየ በቀዶ ጥገና ናሙና መውሰድ እንደማያስፈልግ ደንግጓል። አስቸጋሪ በሆኑት ላይ የሳንባ ሐኪም፣ የራጅ ሐኪምና እንደ አስፈላጊነቱ የመገጣጠሚያ ሐኪም ተሰብስበው ይወስናሉ።

ሕክምና

የመጀመሪያው ሕክምና መንስኤውን ማስወገድ ነው። ከሻገተ እህል፣ ከጭስ፣ ከድንጋይ ብናኝ ወይም ከሚጎዳው መድኃኒት መራቅ ብቻውን በሽታውን ሊያቆመው ይችላል። መቆጣት ለሚያይልባቸው ስቴሮይዶችና እንደ ማይኮፌኖሌት ያሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ከመጀመራቸው በፊት ነቀርሳ መኖር አለመኖሩ ይጣራል፤ ስትሮንጅሎይድስ የተባለው የአንጀት ትልም በስቴሮይድ ምክንያት በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ስለሚችል እርሱም ይታሰባል።

ለኢዲዮፓቲክ ፐልሞነሪ ፋይብሮሲስ ግን ስቴሮይድ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሙከራ ፕሬድኒሶን ከአዛታዮፕሪንና ከኤን አሴቲል ሲስቲን ጋር ሲሰጥ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ጠባሳውን የሚያዘገዩት ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። ሁለቱም በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፤ ዋጋቸውም ውድ ነው።

ኦክስጅን፣ ክትባት፣ በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴና ሲጋራ ማቆም ለሁሉም ይጠቅማሉ። ኦክስጅን ከአየር የሚለየው መሣሪያ (ኮንሰንትሬተር) በደጋ ሲተከል አምራቹ የወሰነለት የከፍታ ጣሪያ መታየት አለበት። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለ ሕመምተኛ በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው ሞርፊን የትንፋሽ ጭንቀቱ ሊቀልለት ይችላል። የሳንባ ንቅለ ተከላ ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ሕክምና ነው።

መከላከል

እህል፣ ጭድና ድርቆሽ ሳይደርቁ አለመከመር፣ የሻገተውን በተዘጋ ጎተራ ውስጥ አለማራገፍና ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መሥራት ብናኙን ይቀንሳል። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ነጠላ ወይም ሻሽ ትልቁን አቧራ ይይዛል፤ ሳንባ ድረስ የሚወርደውን ደቃቅ ብናኝ ግን አያስቀርም። ለዚህ የተሠራው ኤን 95 ዓይነት ጭምብል ነው። ድንጋይ በውኃ እያረጠቡ መቁረጥ የሲሊካ ብናኝን በእጅጉ ይቀንሳል። በማብሰያ በኩል ኩሽናን ከመኖሪያ ቤት መለየት፣ ጭስ ማውጫ ማበጀትና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራውን «ምርጥ» ምድጃ መጠቀም ይረዳል።

የጥናቱ ታሪክ

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ እህል በሚያበጥሩና በሚሰፍሩ ሠራተኞች ላይ የሚታየውን ሳልና የትንፋሽ እጥረት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1932 በእንግሊዝ አገር የሻገተ ድርቆሽ የነኩ ገበሬዎች ሕመም በሕክምና መጽሔት ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሉዊስ ሃማንና አርኖልድ ሪች የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በፍጥነት ስለሚገድል የሳንባ ጠባሳ ከአራት ሕመምተኞች በመነሳት ጻፉ፤ ሕመሙም ለረጅም ጊዜ በስማቸው ሲጠራ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር አቅርቦትን ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በባሌ በኩል የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለዲንሾ፣ ለሮቤና ለአካባቢው የሪፈራል አገልግሎት ይሰጣል።

በሽታውን ለመጠርጠር ግን ሪፈራል ሆስፒታል መድረስ አያስፈልግም። የሳንባውን ታች ማዳመጥ፣ ሕመምተኛውን አስሄዶ ኦክስጅኑን እንደገና መለካት፣ ሥራውንና ማብሰያ ቤቱን መጠየቅ፣ የነቀርሳው መድኃኒት ለውጥ ካላመጣም ሁለተኛ ዙር ከመጀመር በፊት ወደ ሳንባ ሐኪም መላክ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊደረጉ ይችላሉ።